ማተብ ያሰረው ወፍ

ላሊበላ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነጅሚያ፣

ነገሩ የተበላሸው ትናንት ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የምሠራበት ሎጅ ጎረቤት የሆኑት እትዬ ደመቀች የሞተ ወፍ በነጠላቸው ጫፍ ይዘው መጡና የሎጁ በር ፊት ለፊት ያለው ድንጋይ ላይ አስተኙት። ከዚያ በሁለት ጣታቸው ቀኝ እግሩን አንስተው ለቆመው ሰው ሁሉ አሳዩ። እግሩ ላይ ጥቁር ክር ታስሮ ነበር።

«ይኼ ማተብ ነው» አሉ። «ወፍ ክርስትና ያነሣው ማነው?»

ማንም አልሳቀም። ሌላ ቀን ቢሆን ለአንቺ የምጽፍልሽ ጥሩ ቀልድ ይሆን ነበር።

ሰላምታውን ዘልዬ ስለጀመርኩ ይቅር በይኝ። እንዴት ነሽ? ሐይቅ እንዴት ነው? የእናትሽ የእትዬ ሰአዳ ወገብ ተሻለው? እኔ ደኅና ነኝ፣ እማዬም ደኅና ናት። ደብዳቤውንና የዘንድሮውን የደብተሬን ቅጂ የሚያደርስልሽ ሾፌሩ አረጋ ነው፤ መልስሽንም ለእሱ ስጪው። ስልክ አልደውልልሽም። ኔትወርክ ሲመጣ የሚሠራው በሎጁ ግቢ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ ጥግ ስቆም ደግሞ ከትናንት ጀምሮ የሚያዳምጠኝ ሰው አላጣም።

የዘለልኩት ሰላምታውን ብቻ አይደለም። በታኅሣሡ ደብዳቤሽ «የፕላስቲኩ ቀለበት ካለቀብሽ ወፎቹን በምን እየለየሽ ነው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እኔ ስለ ገና እንግዶችና ስለ ጣሪያችን ጻፍኩልሽና ጥያቄሽን አለፍኩት። በማተብ ክር ነው፣ ነጅሚያ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ከሚሸጠው። ቀጭን ነው፣ ቀለሙ አይለቅም፣ ጥቁርም ነጭም ሰማያዊም አለው። አንዱን ወፍ ከሌላው ለመለየት የሚያስፈልገኝ ይኸው ነበርና አሰርኩት። እዚሁ ተወልጄ፣ ያንኑ ክር አንገቴ ላይ አስሬ አድጌ፣ ወፍ እግር ላይ ሲያየው ሰው ምን እንደሚለው አላሰብኩም። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት እኔ።

የሞተው ከጉንጬዎቹ አንዱ ነው። «ጉንጬ» የሚለውን ስም ደሴ ሳለን ያወጣሽላቸው አንቺ ነሽ፦ ሆዳቸው ሰማያዊ፣ ጀርባቸው ቡናማ፣ የወንዱ ጉንጭ ላይ አንድ አንድ ክብ ቀይ፤ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጡ፣ ጽጌረዳው ውስጥ ተደብቀው ቀጭን ዜማ የሚያዜሙ። በሎጁ አትክልት ቦታ ሠላሳ አንድ አሉኝ። የሞተው ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ነው።

ሰሎሞንም በሩ ላይ ነበር። ታስታውሺዋለሽ፤ ደሴ ሊጠይቀኝ ሲመጣ «ይኼ ልጅ ጫማው ከእሱ በላይ ያወራል» ያልሽው አስጎብኚ። ሁለት ዓመት ሙሉ ወፎቹን ከመረብ ሳወጣ የጨርቅ ከረጢቱን የያዘልኝ እሱ ነው። ክሩንም የገዛው እሱ ነው። ዓይኔን ጣልኩበት። ሰዉም ዞሮ አየው።

«እኔ እንግዳ ነው የማስጎበኝ» አለ። «ስለ ክሩ እሷን ጠይቋት።»

እትዬ ደመቀች ወደ እኔ ቀረቡ። ልጃቸው ብርቅዬ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሳል ይዟት ከኅዳር ጀምሮ ከመስኮቱ ሥር ከተነጠፈላት አልጋ አልተነሣችም። መስኮቱ ከሎጁ አጥር ጋር ተያይዟል። ድምፃቸውን ሳያነሡ እንዲህ አሉኝ፦ «ይኼ ወፍ መስኮታችን ላይ ሲመጣ ጉንጩ ባዶ ነበር። ልጄ ስትነጣ እሱ ይቀላ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ። ደሟን ነው የጠጣው። የላከውም ያሰረው ሰው ነው።»

ደብተሬን ይዤ እቤቴ ገባሁ።

ትዝታ ቢተው


ሐይቅ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትዝታዬ፣

አሰላሙ አለይኩም ብዬ እኔ ልጀምርልሽ፣ አንቺ ሰላምታ ስለማታውቂ። እማማ ወገቧ እንደ ሰኞ ገበያ ነው፤ አንድ ቀን አለ፣ አንድ ሳምንት የለም። ደብዳቤሽን ሳነብላት አለቀሰች፤ «ያቺ ቀጭን ልጅ ብቻዋን ናት» አለች። ብቻዋን አይደለችም አልኳት።

በመጀመሪያ ልቆጣሽ። የማተብ ክር። ወላሂ፣ ከዚያ አገር ሁሉ ክር ሌላ አጣሽ? እዚህ መጥተሽ የመስጊዳችንን ምንጣፍ ቀድደሽ ብታስሪበት ይሻል ነበር። በቃ፣ ተቆጣሁ።

ሁለተኛ፣ ያልገባኝ ነገር አለ። ደብተር አለሽ። የእያንዳንዱ ወፍ ቁጥር፣ ቀን፣ ቦታ፣ ክሩ ለምን እንደታሰረ ሁሉ በእጅሽ ተጽፏል፤ ከዓመት ዓመት ቅጂውን ለእኔ ስትልኪ ነበር። ለምን አታሳዪያቸውም? ለማንበብ የሚያውቅ ቄስ፣ መምህር፣ አንድ ሰው ይጠፋል? ጽሑፍ ያየ ሰው ቢያንስ ቆም ይላል። በዚህ በኩል እኔም አንድ ነገር አድርጌያለሁ። ምን እንደሆነ ለጊዜው አልነግርሽም፤ ሲደርስ ታመሰግኚኛለሽ።

ሦስተኛውን ስጠይቅሽ አትቀየሚኝ። ወፉ በምን ሞተ? ደሴ ሳለን መምህራችን ክር ለምን ክልክል እንደሆነ የነገሩን ታስታውሻለሽ። አንቺ «ሞተ» ብቻ ብለሽ አለፍሽው። አንቺ ደግሞ የምታልፊውን ነገር እኔ አውቀዋለሁ።

ነጅሚያ አባስ


ላሊበላ
ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነጅሚያ፣ እንደምን ሰነበትሽ። እኛ ደኅና ነን። እማዬም ደኅና ናት፤ ሰላም በይልኝ ብላለች።

ደብተሩን የማላሳየው ለምን እንደሆነ ራሱ ደብተሩ ይንገርሽ። ቅጂው በእጅሽ ቢኖርም እንዳለ ገልብጬልሻለሁ፦

ኅዳር 12። ቁጥር 19። ታዳጊ። ጉንጩ ላይ ቀይ የለም። ግራ ነጭ፣ ቀኝ ጥቁር አስሬያለሁ። ከእትዬ ደመቀች መስኮት ሥር።
ታኅሣሥ 20። ቁጥር 19። ግራ ጉንጩ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ጀምሯል። እዚያው መስኮት።
ጥር 6። ቁጥር 19። ሁለቱም ጉንጭ ሙሉ ቀይ። እዚያው መስኮት።

አሁን ባዮሎጂውን እርሺና የእትዬ ደመቀች ጎረቤት ሆነሽ እንደገና አንብቢው። እኔ የጻፍኩት ወጣት ወንድ ሲጎለምስ ጉንጩ እንደሚቀላ ነው። የተጻፈው ግን በቀንና በቦታ ተለይቶ እሳቸው ያሉት ነው፦ አሰረችው፣ መስኮታችን ላይ መጣ፣ ቀላ። ይህን ደብተር ሰው እጅ ማስገባት በራሴ እጅ ጽሑፍ በራሴ ላይ መፍረድ ነው። የእኔን አልጋዬ ሥር ቀብሬዋለሁ። ያንቺን ቅጂ ለማንም እንዳታሳዪ።

ከሁሉ የሚያስቀኝን ደግሞ ስሚ፤ ሳቅ ካልሽው። እዚህ አገር ሰው ቀይ ጉንጭ ያለውንና ቀይ ጉንጭ የሌላትን ሁለት ዓይነት ወፍ አድርጎ ነው የሚያውቃቸው። በየዓመቱ በየአጥሩ ሲቀሉ ኖረው አንድ ሰው ልብ አላለም፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይምና። እትዬ ደመቀች ያው አንድ ወፍ ሲለወጥ ያዩት እኔ ክር ስላሰርኩለት ነው። እንዲያዩ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። ያዩትም እውነት ነው። የተሳሳቱት ምክንያቱን ብቻ ነው።

አባ ኃይለ ማርያም ልከውብኝ ሐሙስ ከእማዬ ጋር ወደ ነአኩቶ ለአብ ወረድን። እኔን ክርስትና ያነሡኝ እሳቸው ናቸው። ከዋሻው የሚንጠባጠበውን ጠበል ሰው በጀሪካን እየተቀበለ ነበር፤ ስንደርስ መንገድ ተለቀቀልን። አክብረውን አልነበረም።

«አንቺ ልጅ፣ መተት እንደማታውቂ አውቃለሁ» አሉኝ ወደ ጥግ ወስደው።

«እንግዲያው ለሰዉ ይንገሩልኝ፣ አባ።»

«ሰው ሲፈራ ጆሮ የለውም። አንዲት ቃል ተናገሪና ይብረድ። ለኪዳነ ምሕረት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ‹አስሬያት ነበር፣ ፈትቻታለሁ› በዪ። ክሩንም በሰው ፊት በጥሺው።»

«ያላሰርኳትን?»

«አላሰርሽም?»

«ወፉን፣ አባ። ያሰርኩት ወፉን ነው።»

መቋሚያቸውን አዩ እንጂ እኔን አላዩም። «ለእናትሽ እዘኚላት» አሉ በመጨረሻ። እማዬ ከኋላችን ቆማ ጫማዋን ታይ ነበር።

ከዚያ ስመለስ በአጥሩ በኩል እትዬ ደመቀችን ለመንኳቸው። ሆስፒታሉ ከዚህ በእግር ግማሽ ሰዓት ነው፤ ይውሰዷት፣ ያስመርምሯት፣ ሳንባዋ ይታይ አልኩ። «ስትፈቺያት ትድናለች» አሉኝ። «የዳነ ሰው ሐኪም ምን ያደርግለታል?»

ገባሽ? እምቢ ብል «ያሰረቻት እያለች መድኃኒት አይሠራም» ብለው አይወስዷትም። እሺ ብልም «ተፈትታለች» ብለው እልል ይሉና አይወስዷትም። ኪዳነ ምሕረት የካቲት 16 ናት። ሃያ ሁለት ቀን ቀርቶኛል፤ ልጅቷ ግን ስንት ቀን እንደቀራት አላውቅም። በመስኮቱ ሳያት ክንዷ እንደ ሸንበቆ ሆኗል።

ፈርቻለሁ። ውኃ ልቀዳ ስሄድ ሴቶቹ ተራቸውን ትተው ይነሣሉ። አንዷ ያዘለችውን ልጅ ፊት ሸፈነችብኝ። አብረን የተማርን ናት፤ የሒሳብ የቤት ሥራዋን የምሠራላት እኔ ነበርኩ።

ስለ ወፉ አሟሟት የጠየቅሽኝን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ትዝታ


ሐይቅ
ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትዝታ፣

ደብዳቤሽን ቆሜ ጀምሬ መሬት ላይ ተቀምጬ ጨረስኩት።

አድርጌያለሁ ያልኩሽን ነገር ልንገርሽ። ጥር 17 ቀን ሰሎሞን እንግዶች ይዞ ወደ ሐይቁ መጥቶ ነበር፤ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር፣ ወይም እኔ እንደዚያ ማየት ፈልጌ ነበር። «በሩ ላይ ደንግጬ ከዳኋት፤ አሁን ልመስክርላት፣ ደብተሩን ስጪኝ» አለ። ሰጠሁት። ሁለቱንም ዓመት። ከእኔ ተቀብሎ በወረቀት ጠቀለለው። ደስ ብሎኝ ሻይ ጋበዝኩት፣ ትዝታ። ሻይ።

ይህ ደብዳቤ ከእሱ ቀድሞ እንዲደርስሽ አላህን እለምናለሁ። አረጋ ግን ደሴ ላይ መኪናው ተበላሽቶበት አራት ቀን ይቆማል ይላሉ። ለሌላ ሰው ልሰጠው ፈራሁ። ለካስ የሚያስፈራው ደብዳቤ የሚያደርሰው ሰው አይደለም፤ ደብተር የሚቀበለው ነው።

ይቅር በይኝ አልልሽም። መጀመሪያ ደኅና መሆንሽን ጻፊልኝ።

ነጅሚያ


ላሊበላ
የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነጅሚያ፣

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ሰሎሞን ግን ቅዳሜ ለገበያው ቀድሞሽ ነበር።

ለአባ ኃይለ ማርያም ብቻ ቢሰጣቸው ኖሮ ይሻል ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሞ ለሰው አነበበው። አስጎብኚ አይደል፤ ሲያነብ ድምፁን እንዴት ዝቅ ከፍ እንደሚያደርግ ያውቃል። «ኅዳር 12፣ አስሬያለሁ» ሲል ሴቶቹ አማተቡ። «ሁለቱም ጉንጭ ሙሉ ቀይ» ሲል እትዬ ደመቀች መሬት ላይ ተቀመጡ። ጽሑፉ ሁሉ የእኔ እንደሆነ፣ አንድ ቃል እንኳ የእሱ እንዳልሆነ ደጋግሞ አሳየ። የፈለገው ይኸው ነበር። እኔን አልጠላም፤ የከረጢቱን ነገር ሰው ሳያስታውስ ከደሙ መንጻት ነው ያማረው። ይህን ማወቄ ቁጣዬን አላበረደውም።

አንቺን አልቆጣሽም። ሻዩን ግን መልሰሽ ብትጠጪው ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን የዋሸሁሽን ልመልስ። ባለፈው «እማዬ ደኅና ናት» ስልሽ እማዬ ግንባሯ ተሰፍቶ ተኝታ ነበር። ጥር 23፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጣሪያችን ላይ ድንጋይ ወረደ። እሷ ያሰጣችውን በርበሬ ልታነሣ ወጣች። «ለነጅሚያ በር መታኝ ብለሽ ጻፊላት» አለችኝ። እኔ ደግሞ በሩንም ሳልጽፍ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮው በሙቀት ቋ ባለ ቁጥር ሁለታችንም እንደነግጣለን፤ ከዚያ እርስ በርስ አንተያይም።

ሁለተኛው ያልነገርኩሽ የወፉ አሟሟት ነው። ክሩ ነው የገደለው። ቋጠሮው ጫፍ ተርፎት ነበርና ከአጥሩ ሽቦ ጋር ተጠላለፈ። እትዬ ደመቀች ያገኙት ተንጠልጥሎ ነው። እግሩ ላይ ያለው ቆዳ ተገሽልጦ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ታግሏል ማለት ነው። አሥር ግራም የማይሞላ ነገር። መምህራችን ነግረውን ነበር፣ አንቺም ነግረሽኝ ነበር። እኔ ቋጠሮዬን አምኜ ነበር። ሰው ሁሉ ባልሠራሁት ሲከሰኝ የሠራሁትን ለማን እንደምናገር ጠፋኝ።

የሎጁ ባለቤት «ነገሩ እስኪበርድ አትምጪ» ብሎኛል። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት በኋላ አጥር እየገባሁ ወፎቹን እየያዝኩ ክራቸውን እቆርጣለሁ። የአሥራ አራቱን ቆርጫለሁ። ሰው ፈርቼ አይደለም፤ እነሱን ፈርቼላቸው ነው።

ሰኞ አንዱን ፈትቼ ስለቅ ከመስኮቱ በኩል «አንቺ መተተኛ» የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ። ብርቅዬ ናት፤ አገጯን ብረቱ ላይ አስደግፋ ትስቃለች።

«እናትሽ ትሰማሻለች።»

«ጠበል ልታመጣ ወርዳለች። ነይ ቅረቢ፣ አልነክስሽም።» ከዚያ ሳቋ ጠፋ። «እውነት እኔን ነው የሚጠጣው?»

አይደለም አልኳት። ታዳጊው ሲጎለምስ ምን እንደሚሆን፣ ሴቷ ለምን እንደማትቀላ ነገርኳት። እስከ መጨረሻ ሰማችኝና ጣቷን ወደ ጽጌረዳው ዘረጋች።

«ክር የሌለው አለ። እዚያ ታች የሚለቅመው። ጅራቱ አንድ ላባ ጎድሎታል፣ በእሱ ነው የማውቀው። ባዶ ነበር፤ አሁን በግራ በኩል ጀምሮታል። እሱን ማንም አላሰረው። እሱስ የማንን ነው የሚጠጣው?»

ነጅሚያ፣ ባይኖኩላር የላት፣ ደብተር የላት። ተኝታ በጎደለ ላባ ወፍ ትለያለች። ፊቷን ልስማት ፈልጌ ብረቱ ከለከለኝ።

ያኔ ሳል ያዛት። አፏ ላይ የያዘችው ጨርቅ ቀይ ነበር። ፈጥና ከትራሷ ሥር ሸጎጠችው። ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ ጠየቅኳት። ከመስከረም፣ ከመስቀል በፊት ጀምሮ። ወፉ ከመታሰሩ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ማለት ነው። እናቷ አያውቁም፤ ጨርቁን ራሷ እያጠበች ትደብቃለች። ታላቅ እህቷ እንዲሁ ደም እየተፋች ነው የሞተችው። «እናቴ ይህን ካየች እሷም ትሞታለች» አለችኝ። ለማንም እንዳልናገር በኪዳነ ምሕረት አስማለችኝ።

አሁን ነጻ የሚያወጣኝን ነገር አውቃለሁ፤ እሷንም የሚያድናት እሱ ነው። ማልኩ ደግሞ። ምን ላድርግ?

ትዝታ


ሐይቅ
የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትዝታዬ፣

እማማ ፍራሽ ከሰቀለችበት አውርዳ አንጥፋልሻለች። ረመዳን ሊገባ ነው፤ «ስትመጣ ለብቻዋ ምሳ የሚሠራላት አታጣም በያት» ብላለች። ለእናትሽም ቦታ አለ። ይህን የምጽፍልሽ እንድትሸሺ አይደለም። ብትወጪ መውደቂያ እንዳለሽ አውቀሽ እንድትቆሚ ነው።

እዚህ ጤና ጣቢያ የሚሠራውን ሙጂብን ስም ሳልጠራ ጠየቅኩት። የሳንባ ነቀርሳ ይመስላል፣ መድኃኒት አለው፣ በስድስት ወር የሚድን ነው አለ። ግን ዛሬ ይጀመር አለ። «ዛሬ» የሚለውን ሁለቴ ነው ያለው። እናቲቱና ቤት ያለው ሰው ሁሉ፣ አንቺም ጭምር፣ መታየት አለባችሁ።

መሐላሽን አፍርሺ አልልሽም፤ እኔም ብሆን ይከብደኛል። ግን ያስማለችሽ ልጅ ወፍ በጎደለ ላባ የምትለይ ልጅ ናት። እንደ ሕፃን አትደብቂላት። እውነቱን ንገሪያትና ራሷን ለምኚያት።

ሰሎሞን ደግሞ ሌላ እንግዳ ይዞ ቢመጣ፣ ሻይ አይደለም ውኃም የለኝም።

አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ፦ እሑድ እዚያ ሕዝብ ፊት ስትቆሚ ምን ልትያቸው ነው?

ነጅሚያ


ላሊበላ
የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነጅሚያ፣

ነገ ኪዳነ ምሕረት ናት፤ ከነገ ወዲያ ሁዳዴ ይገባል። አረጋ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስለሚነሣ ቸኩዬ ነው የምጽፍልሽ።

እንዳልሽው አደረግኩ። ሐሙስ መስኮቱ ሥር ቆሜ ለብርቅዬ መድኃኒት አለው፣ ስድስት ወር ነው፣ ዛሬ ካልተጀመረ ግን እንደ እህትሽ ይሆናል አልኳት። እንዲህ ብዬ ለሕፃን መናገር እችላለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ባለ ጎዶሎ ላባው ሁለቱም ጉንጩ ቀልቶ ጽጌረዳው ላይ ይዘፍን ነበር፤ እሱን ነው ስታይ የቆየችው።

«እኔ ፊቷን እያየሁ ልነግራት አልችልም» አለች። ዛሬ ጠዋት ስመለስ በብረቱ መካከል የተጣጠፈ ጨርቅ አቀበለችኝ፤ ያልታጠበ። «ከመሐላሽ ፈትቼሻለሁ» አለች፣ እንደገና እየሳቀች። «አሁን ማን ማንን እንደፈታ ይዩ።»

ከዚያ ወደ እትዬ ደመቀች በር እስክደርስ ያለውን ሃያ እርምጃ አልረሳውም። ሁለት ጊዜ ቆምኩ። ጨርቁን ነገ ሕዝብ ፊት ማውጣት ይቀለኝ ነበር፤ በአንድ ጊዜ ነጻ እወጣ ነበር። ግን የልጅቷ ደም የሕዝብ አይደለም። በሩን መታሁና ለእጃቸው ሰጠኋቸው። «ከመስከረም ጀምሮ ነው» አልኩ። «ወፉን ያሰርኩት በኅዳር ነው።» ሌላ አልጨመርኩም።

ጨርቁን ዘርግተው አዩት። እንደገና አጣጠፉት፣ በጣም በጥንቃቄ፣ ጠርዙን ከጠርዙ ጋር እያስተካከሉ። ከዚያ በሩን ዘጉብኝ። እቤቴ ገብቼ እማዬ እግር ሥር ተቀመጥኩ፤ ሁለታችንም ድንጋዩን ስንጠብቅ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ የመጣው ባጃጅ ነው። ብርቅዬን በጋቢ ጠቅልለው አወጧት። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ልጅቷ በጋቢው ክፍተት ዓይኗን ጠቀሰችኝ። እትዬ ደመቀች ግን ከመግባታቸው በፊት ዞሩ፤ ፊታቸው ያበጠ ነበር።

«ሐኪም ቤት እየወሰድኳት ነው» አሉ። «ነገ ግን የምትናገሪውን ትናገሪያለሽ። ሰዉ ይጠብቅሻል።»

«እትዬ፣ አይተውት የለም ወይ?»

«አይቻለሁ» አሉ። «ለሰዉ ግን ምን እለዋለሁ?»

ይኸው ነው፣ ነጅሚያ። አውቀዋል። አባም ያውቃሉ። ሰሎሞን ከመጀመሪያው ያውቃል፤ ትናንትና ማታ ሊመሽ ሲል አጥራችን ጋ መጥቶ «ሁለት ቃል ተናገሪና ይለፍ፤ ወፍ የሚያዩ እንግዶች እየመጡ ነው፣ አንቺ ከሌለሽ አንዱን ከአንዱ አልለይም» አለኝ። አንዱን ከአንዱ አለመለየቱን እኔም እንደማውቅ ነግሬ መለስኩት። ሁሉም ያውቃል፤ የሚቀረው እኔ እንዳላወቅኩ መስዬ መቆም ብቻ ነው። አሁን የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ያላወቀን ሕዝብ ማስረዳት እችላለሁ ብዬ አምን ነበር። ያወቁትን ግን በምን አስረዳለሁ?

እሑድ ምን ልትያቸው ነው ላልሽኝ። ደብተሬን ከአልጋዬ ሥር አውጥቻለሁ። የመጨረሻውን ክር ዛሬ ቆርጫለሁ፤ ሠላሳውም ነጻ ናቸው፣ አሁን እኔም በጎደለ ላባ ነው የምለያቸው። ክሮቹን በመሐረብ ይዤ እሄዳለሁ። አንድ ወፍ በእኔ ቋጠሮ እንደሞተ እናገራለሁ፤ የቤተ ክርስቲያንን ክር ሳላስብ ስላዋልኩት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህ የእኔ ነው፤ ማንም እንዲቀንስልኝ አልፈልግም። ስለ ብርቅዬ ግን አንድ ቃል አልናገርም፤ አላሰርኳትም፣ አልፈታኋትምም።

ፈርቻለሁ፤ ይህን ለአንቺ አልዋሽም። ድንጋይ ሊመጣ ይችላል። እማዬ ከጎኔ ልትቆም ነጠላዋን አጥባለች፤ የግንባሯን ፋሻ ፈትታ ጥላዋለች፣ ሁሉም ይየው ብላ። ሰኞ በአረጋ መኪና ካልመጣን እዚሁ ነን ማለት ነው። ከመጣን ደግሞ ተባርረን እንጂ ሸሽተን እንዳልሆነ ለእትዬ ሰአዳ ንገሪያቸው።

በእናቴ ጣሪያ ላይ የሚወርድን ድንጋይ «በር መታት» ብዬ መጻፍ ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ። ሰሎሞን በእኔ እጅ ጽሑፍ ራሱን ሲያጥብ ዝም ብዬ አላይም። አባ በጥግ በኩል «ንጹሕ ነሽ» ብለውኝ በአደባባይ ጥፋተኛ ሁኚ ሲሉኝም መስቀላቸውን ስሜ እምቢ እላቸዋለሁ። ሰው እንዲረጋጋ ተብሎ ያልሠራሁትን ሠራሁ ማለትን፣ ነጅሚያ፣ ከእንግዲህ አልቀበልም።

ትዝታ ቢተው